ከትክል ድንጋይ ምድር ለመዋዔ ሮማ የቀረበ ውዳሴ

ክብር ለዝክረ ስሙ፤ ሞገስ ለኃያል እግሩ! የበኵረ አፍሪቃን፣ የመዋዔ ሮማን፣ የሰባሬ አርዑትን፣ የወልደ ቢቂላን የሻምበል አበበን ስም ከመጥራት አስቀድሞ ከንፈር ይንጻ፤ ልብም ወገቡን ይታጠቅ። እነሆ ያለ ጫማ የነገሠ፣ ያለ ሠራዊት የዘመተ፤ እነሆ ያለ ነጋሪት የታወጀ፣ ያለ ደም የድልን አክሊል የተቀዳጀ። ድሉ ጩኸት ያልነበረው፣ ዝናው ግን ድምፅ ያላጣ፤ አካሉ ቀጭን፣ ጥላው ግን አህጉር የሚያለብስ፤ ቃሉ ጥቂት፣ ርምጃው ግን እንደ ድርሳን የሚነበብ። ጠላት የናቀውን ወገን በእግሩ ያከበረ፣ ዘመን የዘጋውን ደጅ በእስትንፋሱ የከፈተ። ከጥቁር አፍሪቃ ልጆች ሁሉ አስቀድሞ የኦሊምፒክን ወርቅ በደረቱ ያኖረ፣ ኋላ የመጡትም ሁሉ ዱካውን የተከተሉለት። ልዑለ ኅሊና፣ ትሑተ ልብ፤ ጽኑዐ መንፈስ፣ ፍጡነ እግር።

ይህ ውዳሴ የሚነሣው ከዲላ ነው። እንሰት ከቡና፣ ቡናም ከረጃጅም ሀገር በቀል ዛፎች ጋር በአንድ ጥላ ተዋሕደው ከሚያድሩበት፤ ገደሉ በእርሻ ከተጌጠበት፣ ተዳፋቱ በአባቶች ጥበብ ከጸናበት፤ ሽማግሌ በሶንጎ ከሚመክርበት፣ አባ ገዳ በባሌ ሥርዓት ከሚሰየምበት፤ በደራሮ በዓል ለፈጣሪ ምስጋና ከሚቀርብበት ከጌዴኦ ምድር። ይህች ምድር የትክል ድንጋይ ምድር ናት። በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቲቲ፣ በሳካሮ ሶዶ፣ በሌላውም ኮረብታ ሁሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች ፀሐይና ዝናም እየተፈራረቁባቸው ቆመዋል። ወደ አንዱ ቀርቦ ለተመለከተ የጠራቢው እጅ ዛሬም ሕያው ነው፤ በአንዳንዱ ላይ የሰው ፊት ተቀርጾበታል፤ በአንዳንዱ ላይ መሣሪያው የፈለፈለው መሥመር የድንጋይ ሽበት ከሸፈነው በኋላ እንኳ በጣት ይዳሰሳል። ከሥራቸው መቃብር ያለባቸው አሉ። የሳካሮ ሶዶዎቹ ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አስረድተዋል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ስለዚህ የጌዴኦ ልጅ ስለ ሐውልት ሲናገር ስለ ገዛ ቤቱ ይናገራል። የቆመ ድንጋይ ምን እንደሚል ያውቃል፤ የተነቀለ ድንጋይም እንዴት እንደሚያም ያውቃል። ከሻምበል አበበ ገድላት ሁሉ የሮማን ሌሊት አስቀድመን የምናነሣው፣ ከሮማም ሌሊት አንዲቱን ሥፍራ ለይተን የምንሰግድላት ስለዚህ ነው። ሌላው አመስጋኝ ባዶ እግሩን ያመስግን፤ ሌላው ሰዓቱን ይቍጠር፤ ይህም ሁሉ የተገባ ነው። እኛ ግን ከተማረከው ሐውልት ሥር ነጻው ልጅ ያደረገውን እናወድሳለን።

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ምድር፣ ጃቶ በተባለች መንደር ይህችን ዓለም ተቀላቀለ። በዚያችው ዕለት ከውቅያኖስ ማዶ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ማንም ያላስተባበራቸውን ሁለት ነገሮች አንዲት ፀሐይ አየቻቸው። እረኝነት አጸናው፤ የገና ጨዋታ አቀለጠፈው፤ የክብር ዘበኛ ሠራዊት በጉያው ተቀበለው፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም በብዙዎች መካከል አንዱን ለይቶ አየው። ከዚያ ያለው የልምምድ ዘመን ረጅም ነው፤ ላቡም ብዙ ነው፤ ውዳሴ ግን ወደ ዙፋኑ ይቸኩላል።

ከእርሱ አስቀድሞ የጥቁር ሕዝብ ልጆች የተዘጋውን ደጅ ሲያንኳኩ፣ ባልተከፈተላቸውም ጊዜ ሲሰብሩ ኖረዋል፤ ስማቸው ሳይወሳ የእርሱ ስም ሊወሳ አይገባም። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ጦሩን ሲያሰናዳ፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ጆ ሉዊስ የተባለው ጥቁር ቡጢኛ ግዙፉን ኢጣሊያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር አንበረከከ፤ የሃርለም ጥቁር ሕዝብም ያንን ድል ስለ ራሱና ስለ ኢትዮጵያ ቆጠረው፤ ኢትዮጵያን በዐይኑ ያላየ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ እልል አለ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ወደቀች፤ በዚያው ዓመት ክረምት በናዚዎች መናገሻ በበርሊን ጄሲ ኦውንስ 4 የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀ። የዘር ትምክሕት በአንድ ከተማ ሰንደቁን ሲተክል በሌላ ከተማ አፈር ቃመ። በሚያዝያ 1939 ዓ.ም. ደግሞ ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ገባ፤ ዘመናት የቆየው የአሜሪካ ቤዝቦል የቀለም አጥርም በአንድ ሰው ትዕግሥትና ጀግንነት ፈረሰ። እነዚህ በተወለዱበት ቤት እንደ ባዳ ተቆጥረው የገዛ ቤታቸውን ደጅ የሰበሩ ኃያላን ናቸው። አበበ ደግሞ ቤቱን ሊያፈርስ የመጣውን ጌታ፣ በጌታው ከተማ ሄዶ በእግሩ የጎበኘ ኃያል ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.! ዘመን ሊለወጥ አንዲት ሌሊት የቀረችበት፣ አሮጌው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ አዲሱ ከደጅ የቆመበት ዕለት። በሀገር ቤት የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በሚቀጣጠልባት በዚያች ምሽት፣ በሮማ የኢጣሊያ ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ተሰልፈው ነበር። ኦ የዘመን ግልባጭ! ሩብ ምእት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የኢትዮጵያን ጎጆ ለማጋየት እሳት የያዘ ሠራዊት ለኢትዮጵያ ልጅ መንገድ ለማብራት እሳት ያዘ። ትናንት ባሩድ የተሸከመ ትከሻ ዛሬ መብራት ተሸከመ። ወታደሮቹ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ብቻ ፈጸሙ፤ ታሪክ ግን ከትእዛዙ በላይ ያለውን ጻፈበት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የኦሊምፒኩ ማራቶን ሯጮች ከካፒቶል ኮረብታ ግርጌ ተነሡ። ለአበበ የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን አልተስማሙትም፤ እርሱም በባዶ እግር መሮጥን ከልምምድ ጊዜ ጀምሮ ያውቀው ነበርና ጫማውን ትቶ ወጣ። በአደባባዩ የተሰበሰበው ሕዝብ ስሙን አያውቅም፤ ባዶ እግሩን ግን አየ፤ ያየም ሁሉ ተደነቀ። ያ እግር ከነገሥታት ሠረገላ ዘመን ጀምሮ የተረገጠውን ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ሲረግጥ ድምፁ እንኳ አልተሰማም፤ የጫማ ኮቴ በሚያንኳኳበት ጎዳና የእርሱ ተረከዝ ዝም ብሎ ያልፋል። ድንጋዩ ሻካራ ነበር፤ ውስጥ እግሩ ግን ከሸዋ ደጋ ከዚያ የሻከረ አሳልፏል። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ትከሻው የረጋ፤ ፊቱ ድካምን የማይናገር፣ ዐይኑ ከፊቱ ካለው ጎዳና የማይነቀል።

በዚህች ሌሊት ገድል ውስጥ አንዲት ነገር አለች፤ ባሰብናት ጊዜ ሁሉ ታስደንቀናለች። አሠልጣኙ ኒስካነን ከተፎካካሪዎች ሁሉ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብዴሰላምን እንዲጠነቀቅ ነግሮታል፤ መለያውም 26 ቁጥር እንደ ሆነ ነግሮታል። ሞሮኮዋዊው ግን በዚያች ሌሊት 185 ቁጥርን ለጥፎ ወጣ። ቁጥር 11 የሆነው አበበ ቁጥር 26ን በጨለማው ሁሉ ፈለገ፤ ከፊቱ እንዳለ እየገመተ ርምጃውን አላላላም። ተፈላጊው ግን ከጎኑ ነበረ! ሁለቱ የአፍሪቃ ልጆች፣ አንዱ ከምሥራቅ አንዱ ከምዕራብ፣ የቀረውን ዓለም ኋላ ትተው ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ አበበ የሚፈራውን ሰው ሳያውቀው አብሮት ሮጠ። ሌላው ሰው ያገኘውን ፈርቶ ይሸነፋል፤ እርሱ ያላገኘውን እየፈለገ አሸነፈ።

አሁን ወደዚያች ሥፍራ ደርሰናል፤ ቆባችንን እናውልቅ። በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትር የሚረዝም፣ ወደ 160 ቶን የሚመዝን፣ በቅዱስ ከተማ የተወለደ የድንጋይ ንጉሥ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በመርከብ ጭነው፣ ሮማ ወስደው የቅኝ ግዛት ጉዳይ በሚሠራበት ሕንጻ ፊት እንደ ምርኮኛ አቆሙት። አክሱማውያን ነገሥታት ለክብር ያቆሙት፣ ወራሪ ለውርደት ያቆመው። አበበና አሠልጣኙ የሩጫውን ጎዳና አስቀድመው ሲያጠኑ ይህን ሐውልት አይተውት ነበር፤ ከፍጻሜው የቀረው መንገድ ከ2 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ነውና ማምለጫው ከዚህ እንዲሆን ቆረጡ። እነሆ ከጨለማው ውስጥ ያ የታወቀ ቁመት ብቅ አለ። የተማረከው አባት ነጻውን ልጅ አየ፤ ነጻው ልጅም የተማረከውን አባት አየ። ያኔ አበበ ቢቂላ ርምጃውን ለወጠ።

ተራራን ያህል ዝምታ ተሸክሞ የመጣው ሰው በዚያች ቅጽበት ነጐድጓድ ሆነ። ሞሮኮዋዊው ጀግና ሊከተለው አልቻለም፤ በፍጻሜው 25 ሴኮንድ ኋላ ቀረ። ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር፣ ቄሣሮች በድል ሰልፍ ባለፉበት ጎዳና፣ አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሴኮንድ ገባ፤ የሶቪየቱን ሰርጌ ፖፖቭን የዓለም ክብረ ወሰንም በ0 ነጥብ 8 ሴኮንድ አሻሻለ። ቅስቱ ለአንድ ንጉሥ ድል የታነጸ ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን ንጉሥ ያልሆነ ሰው እንደ ንጉሥ አለፈበት። ሐውልትን መስረቅ ይቻላል፤ በሐውልቱ ጥላ የተጸነሰውን ድል ግን ማን ይሰርቃል? የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ይናገሩ ቢባል ከዚህ የሚበልጥ ምን ይሉ ነበር?

በዚያው የሮማ ኦሊምፒክ የጥቁር ሕዝብ ልጆች በየሜዳው እንደ ክዋክብት ተገልጠው ነበር። በልጅነቷ የፖሊዮ ደዌ እግሯን የያዘባት ዊልማ ሩዶልፍ 3 ወርቅ ወሰደች። ኋላ መሐመድ አሊ የተባለው የ18 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ በቡጢ አሸነፈ። ራፈር ጆንሰን የአሜሪካን ባንዲራ ተሸክሞ በመግባት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ፤ በዴካትሎንም ወርቅ ተቀዳጀ። በጎርጎርዮሳውያኑ 1960 ዓ.ም. 17 የአፍሪቃ ሀገሮች ከቅኝ ግዛት ቀንበር ወጡ፤ የአፍሪቃ ዓመትም ተባለ። ለአዳዲሶቹ ባንዲራዎች ሁሉ የአበበ እግር አዋጅ ነጋሪ ሆነ። ደቡብ አፍሪቃ ደግሞ በነጮች ቡድኗ ወደ ኦሊምፒክ የመጣችው በዚያው በሮማ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ አፓርታይድ ኃጢአቷ ደጁ ለ32 ዓመት ተዘጋባት። የዚህን ነገር ፍጻሜ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

አንድ ነገር ግን ከዲላ ሲወደስ ሊታለፍ አይገባም፤ ውዳሴም ከእውነት ፊት አይሸሸግምና። በዚያው ዘመን የጌዴኦ ገበሬ ስለ መሬቱና ስለ ምርቱ በባለ ርስቶች ላይ ተነሥቶ በሚችሌ ደሙን አፍስሷል። ለሯጩ የኢትዮጵያን ኮከብ ኒሻን ያጠለቀ ዘውድና በሚችሌ ገበሬ ላይ ጦር ያዘመተ ዘውድ አንድ ዘውድ ነበር። ስለዚህ የጌዴኦ ልጅ አበበን ሲያወድስ ዙፋኑን አያወድስም፤ የኒሻኑን ወርቅ ትቶ እግሩን ይስማል። ያ እግር የገበሬ እግር ነበር፤ ጫማ ያላወቀ፣ አፈርን ያወቀ፣ በማለዳ ተነሥቶ ማምሻ የገባ። ቡና ለቃሚው የጌዴኦ ወጣት ያንን እግር ባየ ጊዜ የማንን እግር እንዳየ ለመናገር መምህር አያሻውም። የቤተ መንግሥት ዘበኛ ሆኖ የሮጠው ሰው የገበሬን ሁሉ እግር አስከበረ፤ ይህንንም ዘውዱ ሊሰጠው አይችልም፣ ሊነሣውም አልቻለም።

ከሮማው ድል በኋላ 4 ዓመት አለፈ። ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ዓለምም፦ የሮማው ሰው አበቃለት፣ አለ። ሰው በሽንፈቱ ዘመን ይመዘናል ይባላል፤ እኛ ግን ይህን ሰው በሕመሙ ዘመን መዘንነው፤ ሚዛኑም አልበቃውም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳና፣ አሁን ጫማ ተጫምቶ፣ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ለብቻው ሮጠ። እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ 2ኛ፣ ጃፓናዊው ኮኪቺ ትሱቡራያ 3ኛ ሆነው እስኪመጡ ድረስ ከ4 ደቂቃ በላይ አለፈ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሴኮንድ፤ አሁንም አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። ከዚያም ያ ስታዲየም ያልጠበቀውን አየ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሮጠው ሰው አልወደቀም፣ አላቃሰተም፤ በለምለሙ ሣር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ተከታዮቹ ገና በመንገድ ላይ ነበሩ። የኦሊምፒክ ማራቶንን 2 ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ከሰው ልጆች የመጀመሪያው እርሱ ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ ይህን ያደረጉ 2 ብቻ ናቸው፤ ምሥራቅ ጀርመናዊው ቫልደማር ሲርፒንስኪና ኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ።

የመልክእ ደራስያን ከራስ ፀጉር ጀምረው ወደ እግር ጥፍር ይወርዳሉ፤ ለዚህ ሰው ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ ከእግር ወደ ላይ ቢወጣ ደራስያኑ የሚቆጡ አይመስለንም።

ሰላም ለውስጥ እግሮችህ፤ የሮማን ድንጋይ ያለ ጫማ ለዳሰሱ፣ የወራሪን ጎዳና ያለ በቀል ላለፉ። ሰላም ለቁርጭምጭሚቶችህ፤ በድካም ላልታሠሩ፣ በውዳሴም ላልሰከሩ። ሰላም ለጉልበቶችህ፤ ለሰው ላልተንበረከኩ፣ ለአምላክ ግን ለተንበረከኩ። ሰላም ለሳንባዎችህ፤ የደጋን ነፋስ እንደ ቅርስ ተሸክመው ወደ ቆላ ከተማ ለወረዱ። ሰላም ለደረትህ፤ 11 ቁጥርን ተሸክሞ ለገባ፣ ወርቅን ተሸክሞ ለወጣ። ሰላም ለእጆችህ፤ በሩጫ ዘመን ነፋስን ለቀዘፉ፣ በመከራ ዘመን ቀስትን ለገተሩ። ሰላም ለአንደበትህ፤ ስለ ራሱ ጥቂት ለተናገረ። ሰላም ለዐይኖችህ፤ ከሰው ሁሉ በፊት የሐውልቱን ጥላ ለለዩ። ሰላም ለግንባርህ፤ ላብ እንጂ እፍረት ላላረፈበት።

የእጆቹን ነገር እንናገር፤ የኃያልነቱ ሌላው ክፍል በእነርሱ ተጽፏልና። በሜክሲኮ ከተማ ኦሊምፒክ በ1961 ዓ.ም. መባቻ የታመመ እግሩን ይዞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ግን ድሉን ከኢትዮጵያ እጅ ሳያስወጣ ለ3ኛ ጊዜ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች፤ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ከዚያች ሌሊት በኋላ አልቆሙም። በእንግሊዝ ሀገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። እግሩ ሲከለከል ግን እጁ ተነሣ፤ እንደ እርሱ በተሽከርካሪ ወንበር ከተቀመጡ ስፖርተኞች ጋር ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ለእንግድነት ተጠርቶ ወደ ኖርዌይ ሄደ፤ እንግድነቱን ትቶ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ተወዳድሮ ቀደመ። እስቲ እዩት! የሸዋ ልጅ፣ የአፒያ ጎዳና ሯጭ፣ እግሩ ከሥሩ ሳይታዘዘው፣ በሰሜን ሀገር በረዶ ላይ ሲቀድም! ከሁሉ ሩጫዎቹ ይህችኛዋን ከሮማዋ ጎን ብናቆማት ደፋሮች አያሰኘን፤ በሮማ ጠላቱ ሰው ነበረ፣ በዚህኛዋ ግን ጠላቱ ከገዛ ሥጋው ውስጥ ነበረ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለው፤ የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ወርቁን ተቀብሎ መጥቶ እጁን ጨበጠው። የወደቀ እግር ፊት የቆመ እግር ሰገደ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲያርፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው፤ ሀገርም በአዋጅ አለቀሰችለት። ልቅሶው ግን የእርሱን ነገር አልዘጋውም። የተወለደባት ቀን ነሐሴ 1 ናት ብለናል። ከተወለደ ልክ 60 ዓመት በሞላባት በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በሚያዝባት ዕለት፣ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ተጠራ። ከሮማ በኋላ ደጁ ለ32 ዓመት የተዘጋባት ደቡብ አፍሪቃ በዚያ ኦሊምፒክ ተመልሳ መጥታለች፤ ነጪቱ ልጇ ኢላና ማየርም ከሩጫው አጋማሽ ጀምራ ትመራለች። ከኋላዋ ግን የአርሲ በቆጂ ፍሬ፣ የ20 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ አለች፤ ጥላ እንደ አካል፣ ትዕግሥት እንደ ጋሻ። ደወሉ ሊደወል ሲቀርብ ደራርቱ ወጣች፤ በ31 ደቂቃ ከ6 ነጥብ 02 ሴኮንድ ገብታ ከጥቁር አፍሪቃ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ከዚያም ሁለቱ፣ ጥቁሪቱ ከነጪቱ ጋር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። በሮማ ጥቁሩ ልጅ ከነገሠ በኋላ ስለ ዘር ኃጢአት የተዘጋው ደጅ፣ በእርሱ ልደት ቀን ጥቁሪቱ ልጅ በነገሠችበት ሜዳ ተከፈተ። የትኛው ጸሐፊ ይህን ቢጽፍ እናምነው ነበር?

የሐውልቱም ነገር ሳይፈጸም አልቀረም። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት ከሮማ ተነቅሎ በአውሮፕላን ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በተወለደበት አፈር ዳግመኛ ቆመ። ምርኮኛው ከምርኮ ወጣ፤ አበበ ግን ከ45 ዓመት አስቀድሞ በሥሩ አልፎ ነጻነቱን ነግሮታል። የዲላ ሽማግሌ ይህን በሰማ ጊዜ ደስታውን ማን ይነግረዋል? ድንጋይ ወደ ስፍራው ሲመለስ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በጨልባ ቱቲቲ የወደቁትንና የቆሙትን ድንጋዮች እየቆጠረ ያደገ ሰው ያውቃል።

በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ሮማ የዚያን ድል 50ኛ ዓመት ስትዘክር ማራቶኗን አዘጋጀች። ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ከሁሉ ቀድሞ ወደ ፍጻሜው ሲቀርብ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከእግሩ አወለቀ፤ የቀረውን ጥቂት መቶ ሜትር በባዶ እግሩ በዚያው በሮማ ድንጋይ ላይ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ 1ኛ ሆኖ ገባ።